«ፋይሉ ተቀምጧል» ሲባል ምስክሩ ማነው?

«ፋይሉ ተቀምጧል» የሚለውን መልዕክት ኮምፒዩተር ላይ አንብቦ የሚጠራጠር ሰው እምብዛም አይገኝም፡፡ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ የኦዲት ድርጅቱም ይህንን አጭር ዓረፍተ ነገር አምኖ ወረቀቱን ወደ መጋዘን ይልካል፡፡ እኔ የተማርኩት ሕግ በመሆኑ ልማዴ ሌላ ነው፡፡ አንድ ወገን ስለራሱ ጉዳይ ራሱ ሲመሰክር ስሰማ «ሌላ ማስረጃ አለ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ፡፡ ፕሮግራሙም «አስቀምጫለሁ» ሲል ስለራሱ ሥራ የሚመሰክር ባለጉዳይ ነው፡፡ ይህንን ቃሉን አስቀድሞ መፈተን ይቻላል ወይ ቢባል፣ ይቻላል፡፡ ነገር ግን ፕሮግራሙ ገና ሲጻፍ ለፈተና እንዲመች ተደርጎ ካልተሠራ በኋላ እጅግ አስቸጋሪ ነው፡፡

ይህ ለፕሮግራመሮች የሚተው ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፡፡ ይሁን እንጂ ዛሬ ሶፍትዌር የማያሠራ ወይም የማይገዛ መሥሪያ ቤት ማግኘት ከባድ ነው፡፡ የሚያሠራ ሰው ደግሞ ምን እንደሚረከብ ማወቅ ይኖርበታል፡፡

ከአንድ የታወቀ ጉዳይ ልነሳ፡፡ ስቲም የሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች መሸጫና ማጫወቻ ፕሮግራም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ሲጠቀምበት የነበረ አንድ ሰው የፕሮግራሙን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ፕሮግራሙን ሲያስነሳ፣ የግል ፋይሎቹ በሙሉ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ በነበረው የመጠባበቂያ ዲስክ ላይ የነበሩት ሳይቀሩ ተጠርገው ጠፉ፡፡ የጥፋቱ መነሻ አንድ መስመር ትዕዛዝ ነበር፡፡ መስመሩ የሚለው «ስቲም ያለበትን ፎልደር ስም ያዝ፤ ከስሙ ቀጥሎ እዝባር አድርግ፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ነው፡፡ ፎልደሩ በታሰበው መንገድ ሳይገኝ ሲቀር ስሙ ባዶ ሆነና እዝባሯ ብቻዋን ቀረች፡፡ በሊኑክስ ዓለም እዝባር ብቻዋን ስትቆም የጠቅላላው ፋይል ሲስተም ሥር ማለት ናት፡፡ ስለዚህ ትዕዛዙ «ተጠቃሚው ለማጥፋት መብት ያለውን ሁሉ አጥፋ» ሆኖ አረፈው፡፡ ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ከዚያ መስመር በላይ ጸሐፊው «አስፈሪ!» የሚል የአንድ ቃል ማስታወሻ ትቶ መሄዱ ነው፡፡ ሥጋቱ ገብቶት ነበር ማለት ነው፡፡ ሥጋቱን ወደ ፈተና አልለወጠውም እንጂ፡፡

ለምን አልለወጠውም? ይህ ጥያቄ የነገሩ ቁልፍ ይመስለኛል፡፡ መልሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ፋይል ሲስተም ምን እንደሆነ በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል፡፡

ፋይል ሲስተም በአጭሩ የኮምፒዩተሩ መዝገብ ቤት ነው፡፡ ፕሮግራሙ ሰነድ ማስቀመጥ ሲፈልግ ራሱ መደርደሪያው ዘንድ አይሄድም፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰጠዋል፡፡ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ብዙውን ጊዜ «ተቀብያለሁ» የሚለው ሰነዱን ጠረጴዛው ላይ፣ ማለትም ሜሞሪ ውስጥ አስቀምጦ ነው፡፡ ወደ መደርደሪያው፣ ማለትም ወደ ዲስኩ የሚወስደው ቆየት ብሎ ነው፡፡ በዚህ መሀል መብራት ቢጠፋ ጠረጴዛው ላይ የነበረው አብሮ ይጠፋል፡፡ የሚጠነቀቅ ፕሮግራም «መደርደሪያው ላይ መግባቱን ሳታረጋግጥ መልስ አትስጠኝ» የሚል ትዕዛዝ ማቅረብ ይችላል፤ ትዕዛዙ ኤፍሲንክ ይባላል፡፡ ሥራ ስለሚያዘገይ ግን ብዙዎች ይተዉታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 ኤክስት 4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም በሰፊው መሠራጨት ሲጀምር፣ ኮምፒዩተራቸው ድንገት የቆመባቸው ሰዎች አንዳንድ ፋይሎቻቸውን ስማቸው ብቻ ቀርቶ ይዘታቸው ዜሮ ባይት ሆኖ አገኟቸው፡፡ የፋይል ሲስተሙ ሰዎች ጥፋቱ ማረጋገጫ ያልጠየቁት የፕሮግራሞቹ ነው አሉ፡፡ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ድሮ ሲሠራ የነበረ ነገር ለምን ይበላሻል አሉ፡፡ በኋላ ችግሩን የሚያቃልል ማስተካከያ ተደረገ እንጂ ክርክሩስ መልስ ያገኘ አልመሰለኝም፡፡

መብራት መጥፋት ብቻ አይደለም፡፡ መዝገብ ቤቱ እምቢ የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው፡፡ ፋይሉ የለም፣ መብት የለህም፣ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ ፍላሹ ተነቅሏል፣ ኔትወርኩ ተቋርጧል፡፡ ከሁለት ደቂቃ በፊት «አለ» የተባለው ፋይል አሁን ላይኖር ይችላል፡፡ ጥሩ ፕሮግራም ለእያንዳንዳቸው መልስ ሊኖረው ይገባል፡፡

ችግሩ እነዚህን መልሶች መፈተኑ ላይ ነው፡፡ ፕሮግራመሮች ዩኒት ቴስት የሚሏቸው አጫጭር ፈተናዎች አሏቸው፡፡ ኮዱ በተነካ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠሩት በጥቂት ሰከንድ ይሮጣሉ፡፡ በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነው ማይክል ፌዘርስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው አጭር ደንብ ፋይል ሲስተም የሚነካ ፈተና ዩኒት ቴስት አይባልም ብሏል፡፡ ጠንከር ያለ አባባል ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፡፡ ዲስክ የሚነካ ፈተና ይዘገያል፡፡ የትናንቱ ፈተና የተወው ፋይል የዛሬውን ያበላሻል፡፡ አበበ ኮምፒዩተር ላይ ያለፈው ከበደ ኮምፒዩተር ላይ ይወድቃል፡፡ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እውነተኛውን ዲስክ «ሦስተኛው ሰነድ ላይ ስትደርስ ሙላ» ብሎ ማዘዝ አለመቻሉ ነው፡፡ የስቲሙን መስመር በእውነተኛ ዲስክ ለመፈተን የሚጠፋ ኮምፒዩተር ማዘጋጀት ይጠይቅ ነበር፡፡ ማን ያደርገዋል?

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው፡፡ የመጀመሪያው ወሳኙን ክፍል ከተላላኪው ክፍል መለየት ነው፡፡ አንድ የደመወዝ ፕሮግራም እንውሰድ፡፡ ብዙ ጊዜ አንዱ የኮድ ክፍል የሠራተኞችን ዝርዝር ከፋይል ይከፍታል፣ እያነበበ ግብር ያሰላል፣ ጡረታ ይቀንሳል፣ ውጤቱን ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል፡፡ ሁሉም በአንድ ላይ የተቦካ ነው፡፡ ግብሩ በትክክል መሰላቱን ለማወቅ እንኳ ፋይል መፍጠር ግድ ይላል፡፡ ስሌቱ ተነጥሎ ዝርዝሩን ተቀብሎ ዝርዝር ብቻ እንዲመልስ ሲደረግ ግን ዲስክ የሚባል ነገር ሳያውቅ በሺህ ዓይነት ምሳሌ ሊፈተን ይችላል፡፡ በእኔ እምነት የችግሩ ትልቁ ድርሻ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ብዙ ሰዎች ግን ይህንን ዘልለው ወደ ሁለተኛው ይሮጣሉ፡፡

ሁለተኛው ደረጃ ለሕግ ሰው በጣም የሚቀርብ ነው፤ ውክልና ነው፡፡ የተረፈው የኮድ ክፍል፣ መቼም አንድ ቦታ ላይ ፋይል መንካቱ ስለማይቀር፣ ራሱ በቀጥታ ዲስኩ ዘንድ አይሂድ፡፡ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከውጭ ወኪል ይሰጠው፡፡ በሥራ ላይ ሲሆን ወኪሉ እውነተኛውን ዲስክ ያነጋግራል፡፡ በፈተና ጊዜ ግን በዚያው ወንበር ላይ ሌላ ወኪል፣ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ያለ የማስመሰያ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፡፡ ፕሮግራሙ ልዩነቱን አያውቅም፡፡ ይህ ወኪል «ሞልቷል» በል ሲባል ይላል፣ «መብት የለህም» በል ሲባል ይላል፣ የተሰጡትን ትዕዛዞችም አንድ በአንድ መዝግቦ ያቀርባል፡፡ ፕሮግራመሮች የወኪሉን የሥራ ዝርዝር ኢንተርፌስ፣ ወኪሉን ከውጭ መስጠቱን ደግሞ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይሉታል፡፡ ፌዘርስ ኮዱን ሳይነኩ ባሕርዩን መለወጥ የሚቻልበትን እንዲህ ያለውን ቦታ «ስፌት» ብሎ ይጠራዋል፡፡ ልብስ ሲጠብ የሚተረተረው ስፌቱ ላይ እንደሆነ ሁሉ፡፡

እዚህ ላይ አንድ አስተያየት ልጨምር፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ይለያል፡፡ ፕሮግራመሮችም ቢለዩ ደግ ነው፡፡ «ማናቸውንም ፋይል መክፈት፣ መጻፍ፣ ማጥፋት» የሚል ወኪል የሚሰጡ ብዙ ናቸው፡፡ «ከዚህ ፎልደር ውስጥ ብቻ ማጥፋት፤ የፎልደሩ ስም ባዶ ከሆነ እምቢ ማለት» የሚል ወኪል ቢሰጥ ግን የስቲሙ ዓይነት ጉዳት ከበሩ ይመለስ ነበር፡፡ ጠባብ ውክልና ለመፈተንም ይቀላል፤ ማስመሰል የሚገባው ሥራ ጥቂት ነውና፡፡

መሣሪያው የለም ማለት አይቻልም፡፡ ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 7ኛ እትሙ ፋይል ሲስተሙ ራሱ እንዲቀየር በር ከፍቷል፤ ጎ የሚባለው የጉግል ቋንቋም በ2021 በ1.16 እትሙ ለማንበብ የሚያገለግል የጋራ ኢንተርፌስና ሜሞሪ ውስጥ የሚኖር የፈተና ፋይል ሲስተም አብሮ አውጥቷል፡፡ ለፓይተንና ለዶት ኔት በነፃ የሚገኙ ተመሳሳይ ላይብረሪዎች አሉ፡፡ ስለዚህ የቀረው ልማዱ ነው፡፡

ይህ አሠራር እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የሚፈልግ ኤስኪውላይትን ይመልከት፡፡ ስሙን የማያውቁት እንኳ በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፡፡ በአንድሮይድና በአይፎን ስልኮች ውስጥ ያለ፣ ዋትስአፕም መልዕክቶቻችንን የሚያስቀምጥበት ትንሽ የመረጃ ቋት ነው፡፡ ሪቻርድ ሂፕ የተባለው አሜሪካዊ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ መነሻውም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ይሠራው የነበረ ፕሮግራም ነው፡፡ ኤስኪውላይት ዲስክን በቀጥታ አይነካም፡፡ ቪኤፍኤስ በሚባል ወኪል በኩል ብቻ ያልፋል፡፡

ፈተናው እንዲህ ነው፡፡ የማስመሰያው ወኪል መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን የዲስክ ሥራ እንዲያከሽፍ ይታዘዛል፡፡ ፕሮግራሙ በአግባቡ ስህተቱን ተናግሮ መረጃውን ሳያበላሽ መውጣቱ ይታያል፡፡ ከዚያ ያው ሥራ ከመጀመሪያው ይደገምና ሁለተኛው እንዲከሽፍ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ሦስተኛው፤ ቀጥሎ አራተኛው፡፡ ሥራው ያለ አንዳች እክል ከዳር እስኪደርስ ድረስ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል፡፡ ይህም አልበቃ ብሎ፣ በመጻፍ ላይ እያለ ፕሮግራሙ በድንገት እንዲሞት ይደረጋል፤ ወኪሉም ገና ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሰነዶች ቅደም ተከተላቸውን ያዛባል፣ ይቆራርጣል፡፡ ከዚያ ሌላ ፕሮግራም መረጃውን ከፍቶ ይመረምራል፡፡ የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፤ ሥራው ወይ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል ወይ ጭራሽ እንዳልተጀመረ ሆኗል፡፡ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፡፡ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ለወጣው 3.42 እትም ባወጡት ስሌት የፈተናው ኮድ ከፕሮግራሙ ኮድ 590 እጥፍ ይበልጣል፡፡ ማንም መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ይጠይቅ አልልም፡፡ ግን ይህን ማድረግ ያስቻላቸው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ወኪሉ መኖሩ ነው፡፡

ወደ አገራችን ልመለስ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤትና ፕሮግራም የሠራለት ወጣት ተጣልተው ለሽምግልና ተቀምጬ ነበር፡፡ መሥሪያ ቤቱ ውሎቹን እየቃኘ፣ ማለትም ስካን እያደረገ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል፡፡ ዲስኩ ሞልቶ ኖሮ ለሳምንታት የገቡት ውሎች ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አልተቀመጠም፡፡ ፕሮግራሙ በየቀኑ «ተቀምጧል» ይል ነበር፡፡ ወረቀቶቹ ከከተማ ውጭ ወዳለ መጋዘን ተጭነው ስለነበር አንድ በአንድ ፈልጎ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ያልተገኙም ነበሩ፡፡ ባልተገኘ ውል ላይ ቀኑ ያለፈ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

ልጁ አታላይ አልነበረም፡፡ «ጋሼ፣ እኔ ኮምፒዩተር ላይ እኮ ይሠራል፤ ሲረከቡም አይተውታል» አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፤ የውሉ ቃል «ተፈትኖ ይረከባል» ብቻ ስለሚል አምስት ሰነድ አስገብተው አይተው ፈርመዋል፡፡ ዲስኩ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ የሚናገረውን ቦታ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፡፡ ስህተቱን የሚቀበል ቦታ አበጅቶ ውስጡን ባዶ ትቶታል፡፡ «እስቲ ዲስኩን እንዴት አድርጌ ልሙላው?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ የተናገረው ከልቡ ነበር፡፡ ወኪል የሚባለውን መንገድ ያሳየው ሰው አልነበረም፡፡

የእሱ ብቻ ችግርም አይደለም፡፡ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በአምስት ታላላቅ የመረጃ ሥርዓቶች ላይ የደረሱ 198 ብልሽቶችን መርምረው ነበር፡፡ ከባድ ጥፋት ካስከተሉት ውስጥ 92 በመቶው የመጡት ሥርዓቱ ራሱ ስህተት መኖሩን ከተናገረ በኋላ ስህተቱ በአግባቡ ባለመስተናገዱ ነው፡፡ 58 በመቶው ደግሞ ስህተት የሚያስተናግደውን ኮድ በቀላሉ በመፈተን ሊያዙ ይችሉ ነበር፡፡ ባዶ የተተወ ቦታ እዚያም በብዛት ተገኝቷል፡፡

ይሁንና የማስመሰያውን ወኪል እንደ ጸበል ማየት አይገባም፡፡ ማስመሰያው የሚያውቀው ሠሪው ያወቀውን ያህል ነው፡፡ ፖስትግሬስ የተባለው ዝነኛ የመረጃ ቋት ከ20 ዓመታት ያህል አገልግሎት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ አስደንጋጭ ነገር ተገኘበት፡፡ ኤፍሲንክ «አልተሳካም» ሲል፣ እንደገና ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራል ብለው ያምኑ ነበር፡፡ ሊኑክስ ግን አንዴ ስህተቱን ከተናገረ በኋላ ሲደገም «ተሳክቷል» ሊል ይችላል፤ መረጃው ዲስክ ላይ ባይደርስም፡፡ በ2019 በወጣው ማስተካከያ ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ስህተት ሲሰማ መሞከሩን ትቶ እንዲቆምና ከማስታወሻው እንዲያገግም ተደረገ፡፡ በዚያ የተሳሳተ እምነት ላይ የተሠራ ማስመሰያ ፈተናውን ሺህ ጊዜ ያሳልፈው ነበር፡፡ ስለዚህ ለማስመሰያው የተጻፉት ፈተናዎች አልፎ አልፎ፣ ለምሳሌ ማታ ማታ፣ በእውነተኛ ዲስክና በጊዜያዊ ፎልደር ላይም መሮጥ አለባቸው፡፡ ሁለቱ ወኪሎች የተለያየ መልስ ከሰጡ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው፡፡

በተለይ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፡፡ «ወ/ሮ» የሚለውን እንውሰድ፡፡ ጸሐፊዋ የባለጉዳዩዋን ስም የፋይሉ ስም አድርጋ ብታስገባ፣ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ማስመሰያ እንደ ማናቸውም ስም ሊቀበላት ይችላል፡፡ እውነተኛው ዲስክ ግን እዝባሯን አይቶ «ወ» የሚባል ፎልደር መፈለግ ይጀምራል፡፡ ገ/ሥላሴ፣ ኃ/ማርያም፣ ዶ/ር፣ መ/ቤት፣ የደብዳቤ ቁጥሮቻችን ሁሉ ያው ናቸው፡፡ ርዝመቱም እንዲሁ ነው፡፡ በተለመደው አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፡፡ በሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ወሰን 255 ባይት ስለሆነ ለእኛ የሚተርፈን 85 ፊደል ነው፡፡ ዊንዶውስ ግን በፊደል ስለሚቆጥር 255 ይፈቅዳል፡፡ ረዘም ያለ የአዋጅ ርዕስ ከነቁጥሩ የፋይል ስም የሆነበት ሰነድ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ እምቢ ሊባል ይችላል፡፡ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»ም ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለዲስኩ ሁለት፡፡ በአንዱ አስገብቶ በሌላው የሚፈልግ ሰው «ፋይሉ የለም» ይባላል፡፡ ከውጭ የመጣ ላይብረሪ ይህንን አስቦ አይፈትንልንም፤ ፈተናውን መጻፍ ያለብን እኛው ነን፡፡

ዛሬ ውል ሳረቅቅ «ተፈትኖ ይረከባል» የሚለውን አልጠቀምም፡፡ በምትኩ የማስገባው ይህን የመሰለ ነው፤ «ሠሪው ከኮዱ ጋር ፈተናዎቹን ያስረክባል፡፡ ፈተናዎቹ ፋይል የማይገኝበትን፣ መብት የሚከለከልበትን፣ ዲስክ የሚሞላበትንና ሥራ በመሀል የሚቋረጥበትን ሁኔታ ያካትታሉ፤ በአሠሪው ኮምፒዩተር ላይ በአሠሪው ሰው ይሮጣሉ፡፡ በእነዚህ ሁኔታዎች ፕሮግራሙ ተቀምጧል ካለ ርክክቡ አይፈጸምም፡፡» በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዴቭ ፉል የምትባል፣ የጻፉባትን ሁሉ «ዲስኩ ሞልቷል» ብላ የምትመልስ የይስሙላ ፋይል ስላለች ወጪ ሳይጠይቅ እዚያው ማሳየት ይቻላል፡፡ ዋጋ ላይ ክርክር የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፡፡ ወኪሉን ከመጀመሪያው ያስቀመጠ ሠሪ አይከራከርም፤ ኮዱን ጽፎ የጨረሰው ግን ግማሹን እንደገና መጻፍ ስለሚሆንበት ጭማሪ ይጠይቃል፡፡ ስለዚህ አንቀጹን ከፊርማው በፊት ማሳየት ነው፡፡